የዳምቦያ ሦስተኛው ዝናብ

መስከረም ፲፬፣ እሑድ፣ ከአዲስ አበባ

ጎሕ ሳይቀድ አውቶቡስ ተራ ደረስኩ። የጉዞዬ ዓላማ አንድ ዝናብ መፈለግ ነው። ዝናቡ በየዓመቱ በጥቅምት ወር ዳምቦያ ላይ ይዘንባል ብዬ በፊርማዬ አረጋግጫለሁ። አይቼው ግን አላውቅም።

የምሠራው የዝናብ ልክ በሚሰበሰብበት አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ከየአውራጃው የሚመጣው ቁጥር በወር በወር ተደምሮ ጠረጴዛዬ ላይ ይደርሳል፤ እኔ ከቁጥሩ ውስጥ የዓመቱን ጠባይ አወጣለሁ። ዘዴው የፉሪየር ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሐሳቡ ቀላል ነው። በየዓመቱ ዞሮ የሚመጣ ነገር ሁሉ የሞገዶች ድምር ተደርጎ ሊጻፍ ይችላል። አንደኛው ሞገድ በዓመት አንድ ጊዜ ወጥቶ ይወርዳል፤ እሱ ክረምቱን ያሳያል። ሁለተኛው ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ እሱ ሲጨመር በልጉም ብቅ ይላል። ሦስተኛው ሦስት ጊዜ፣ አራተኛው አራት ጊዜ እያለ ይቀጥላል። እያንዳንዱ ሞገድ ቁመቱ ስንት እንደሆነ፣ ጫፉም በየትኛው ወር ላይ እንደሚውል፣ እጀታው በእጅ በሚዞር የሒሳብ መኪና እየፈጨሁ አወጣለሁ። ለሆሳዕና ሁለት ሞገድ በቃ። ለሀቢቾና ለሞርሲቶም እንዲሁ። ዳምቦያ ግን እምቢ አለች።

የዳምቦያ ዝናብ መስከረም ላይ በድንገት ዝቅ ብሎ ጥቅምት ላይ መልሶ ይነሣል። አንድ ዓመት ብቻ ቢሆን አልፈው ነበር፤ በየዓመቱ ነው። ሦስተኛውን ሞገድ ስጨምርበት መስመሩ ከሞላ ጎደል ነጥቦቹ ላይ ልክክ አለ። ደስታዬን አልደብቅም፤ ከወንበሬ ተነሥቼ ኮሪደሩን ሁለት ጊዜ ተመላለስኩበት። ከዚያ ቁጭ ብዬ «በሐምበሪቾ ተራራ ምክንያት በዳምቦያ ዙሪያ ሦስተኛ የዝናብ ወቅት አለ» ብዬ ጻፍኩ። ሐምበሪቾን የማውቀው በካርታ ነው። ሦስተኛ ዝናብ አምጣ ያለኝም ሰው አልነበረም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

አለቃዬ ወረቀቱን ወደደው፤ የእርሻ ሰዎችም ወደዱት። በጥቅምቱ ዝናብ የሚበቅል የቦሎቄ ዘር ሆሳዕና ድረስ ተጫነ፤ ከመስቀል በኋላ ለዳምቦያ ገበሬ እንዲታደል ተወሰነ። እንግዲህ ዝናቡ ከሌለ ዘሩ አፈር ውስጥ ደርቆ ይቀራል። ለዘሩ ብሎ መሬቱን የመነጠረ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን ይቀራል።

ጥርጣሬው የመጣው በጳጉሜን ነው። የአንጋጫን ቁጥር ሳወጣ ጥቅምት ደረቅ ሆኖ አገኘሁት። አንጋጫ ከዳምቦያ የእግር መንገድ ናት። አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ለቀልድ ብሎ «ዝናቡ በአጥር ነው እንዴ የተከለለው?» አለኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እህል አልጣመኝም። ሌላም ነገር ነበር። ሦስተኛው ሞገድ በየአራት ወሩ ስለሚመለስ፣ ጥቅምትን ሲያነሣ የካቲትንና ሰኔንም አብሮ ያነሣል። የዳምቦያ የካቲት ግን ንቅንቅ አላለም። ያኔ «ጥቂት ልዩነት» ብዬ አልፌዋለሁ፤ ሰው ደስ ሲለው የማያየው ነገር ብዙ ነው።

ዕለት ዕለት የተለካበትን ቅጽ ልይ ብል ቅጹ ያለው መዝገብ ቤት ነው። የመዝገብ ቤቱ ሹም ለመስቀል አገሩ ገብቷል፤ ቁልፉም አብሮት ገብቷል። አለቃዬ «ከበዓል በኋላ ትሄዳለህ፤ ምን ያጣድፍሃል?» አለኝ። ከበዓል በኋላማ ዘሩ አፈር ገብቷል። የዓመት ፈቃዴን ጠይቄ በራሴ ወጪ ተነሣሁ።

አውቶቡሱ ለመስቀል አገር በሚገባ ሰው ጢም ብሏል። በሌላ ጊዜ ሦስት ብር ነው ያሉኝን መንገድ አራት አስከፈሉኝ። በየሰው ጭን ላይ አዲስ ጋቢ፣ አዲስ ቢላዋ፣ ለእናት የተገዛ ነጠላ አለ። እኔ ጭኔ ላይ ያለው የዳምቦያ መስመር የተሣለበት ወረቀት ነው። መልካ ቁንጥሬ ላይ አዋሽን እስክንሻገር አራት ጊዜ አጠፍኩት፣ አራት ጊዜ ዘረጋሁት። ከቡታጅራ ወዲህ ጎማው ጭቃ ውስጥ ሰጠመ። ወርደን ገፋን። ሾፌሩን «በዚህ አያያዝ መቼ ልንደርስ ነው?» ብዬ ስጮህበት፣ አጠገቤ ይገፉ የነበሩ አንድ ልብስ ሰፊ ሱሪያቸውን ወደ ላይ እየሰበሰቡ «ወንድሜ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉኝ። እሳቸው አልቸኮሉም፤ የተጠራጠሩት ዝናብ የለም። ቡታጅራ ላይ አደርን። ለአልጋው ብር ከስሙኒ ከፈልኩና ቁንጫውን በነጻ ጨመሩልኝ።

መስከረም ፲፭፣ ሰኞ፣ ሆሳዕና

ሆሳዕና የደረስነው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በዝናብ ነው። ሻንጣዬን እንኳን ሳላሳርፍ የአውራጃው የእርሻ ጽሕፈት ቤት ገባሁ። የጽሕፈት ቤቱ ሹም አቶ ላምቦሬ ይባላሉ፤ ደልደል ያሉ፣ ሣቃቸው ከኮታቸው የሚሰፋ የሐዲያ ሰው ናቸው። ስሜን ስነግራቸው ብድግ አሉ።

«እርስዎ ነዎት! የጥቅምትን ዝናብ ያገኙት! ሰው ሁሉ ስለርስዎ ያወራል።»

መጋዘኑን ከፍተው አሳዩኝ። ጆንያው እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፤ በያንዳንዱ ላይ «ዳምቦያ» ተብሎ በቀለም ተጽፏል።

«አቶ ላምቦሬ፣ ይህን ነገር እስክንመረምር ቢያቆዩልኝስ?»

«በምን ወረቀት?»

«በኔ ቃል።»

ሣቃቸው ትንሽ ቀዘቀዘ። «ጌታዬ፣ ይሄ ዘር የመጣው በወረቀት ነው። የሚቆመውም በወረቀት ነው። የሚቀጥለው ሰኞ ጧት መኪናው ይነሣል። እኔ እንግዲህ ዛሬ አገር መግባቴ ነው፤ በዓል ነው።» ሰባት ቀን ቀረኝ ማለት ነው።

የሆሳዕናን መለኪያ ሄጄ አየሁ። ንጹሕ ነው፣ መዝገቡም ቀን በቀን ተሞልቷል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተበሳጨሁ። ሆሳዕና ላይ ስሕተት ባገኝ ኖሮ ዳምቦያ ድረስ ሳልሄድ ነገሩ ያበቃ ነበር።

መስከረም ፲፮፣ ማክሰኞ፣ ወደ ዳምቦያ

ወደ አንጋጫና ወደ ዳምቦያ የሚወስደኝ ሁሴን የሚባል የሞርሲቶ ልጅ ነው። ላንድሮቨሩ የአጎቱ ናት፤ የምትነሣው በእጅ ተገፍታ፣ የምትቆመው ደግሞ በፈለገችበት ነው። ውስጧ ዐሥራ አንድ ሰውና ሁለት በግ ሆነን ገባን። እኔን ግን «ኢንጂነር» ብሎ ከፊት አስቀመጠኝ። ኢንጂነር አይደለሁም ብዬ ብነግረውም አልሰማኝም፤ ከአዲስ አበባ ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ ለሁሴን ኢንጂነር ነው።

መንገዱ ቀይ አፈር ነው፤ ግራና ቀኙ እንሰት። ሐምበሪቾ ራሱን በደመና ጠቅልሎ ከፊታችን ቆሟል። ስሙን በሐሰት የጠራሁበት ይመስል ዓይኔን መለስኩ።

«ኢንጂነር፣ ያን ወረቀት ከሆሳዕና ጀምረው አሥር ጊዜ ገለጡት። ምንድነው የሚለው?» አለኝ ሁሴን።

ነገርኩት። በየዓመቱ ዞሮ የሚመጣውን ነገር ቁጥሩ ይነግረኛል፣ እኔ ሞገዱን አወጣለሁ፣ ሞገዱ ወቅቱን ያሳያል አልኩት።

ማርሽ ቀየረ። «ታዲያ የኔ ተሳፋሪ በየዓመቱ መስከረም ላይ እጥፍ ይሆናል። ይኸው ያዩታል። እሱም በርስዎ ሒሳብ ሞገድ ያወጣል?»

«ያወጣል።»

«እሱም ዝናብ ነው?»

ሣቅኩ። ከልቤ ሣቅኩ፤ ከአዲስ አበባ ከወጣሁ የመጀመሪያዬ ነበር። አሁን ሳስበው፣ እዚያው ጋ ወርጄ ብመለስ መልሱን ይዣለሁ።

አንጋጫ ላይ ቆጮ በጎመንና በአይብ በላን፤ በሽልንግ ጠገብኩ። ዳምቦያ ስንገባ ገበያዋ ሊበተን ነበር። በየመንገዱ በሬ የሚነዳ፣ ቅቤ በቅጠል ጠቅልሎ የሚሸከም፣ የሚሮጥ ሰው ብቻ ነው። ሁሴን ዓርብ ጧት ሊመለስልኝ ቃል ገብቶ ሄደ።

የዝናብ መለኪያው ያለው በትምህርት ቤቱ ግቢ ነው፤ የሚለካውም መምህር ኤርሳዶ ይባላል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስሙን በየወሩ ድምር ግርጌ አንብቤዋለሁ። ግቢው ግን ጭር ብሏል። ዘበኛውን ኮቱን ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ ከበሩ ላይ አገኘሁት።

«መምህር የሉም። መሳላ ነው፤ አገር ገቡ» አለኝ። የከምባታ ሰው መስቀልን መሳላ ይለዋል።

«ታዲያ ዝናቡን ማን ይለካል?»

ጥያቄዬ እንግዳ ሆነበት። «ዝናቡ ይዘንባል» አለኝ።

መለኪያው ጋ ሄድኩ። የላይኛውን አፍ ሳነሣው ውስጡ ውኃ አለ። ውኃው ላይ ደግሞ የሚያብለጨልጭ ነገር ተንሳፍፏል። ጣቴን ነክሬ አሸተትኩ፤ የኑግ ዘይት! ደሜ ፈላ። ዘጠኝ ዓመት ስሙን ያመንኩት ሰው የመንግሥትን መለኪያ እንደ ወጥ ድስት ዘይት ጨምሮበት ሄዷል። «ቤቱ የት ነው? አሁኑኑ ውሰደኝ» አልኩ።

«አሁን አይደረስም። ነገ ጧት። እኔም መንገዴ ነው» አለ ዘበኛው፣ ሳይደብቅ ደስ ብሎት። በማግስቱ በሩን ቆልፎ አብረን ወጣን። ትምህርት ቤቱን፣ መለኪያውንና መንግሥትን ለእግዜር ትተን ማለት ነው።

መስከረም ፲፯ እና ፲፰፣ ከመምህር ኤርሳዶ ቤት

ሦስት ሰዓት ዳገት በበቅሎ ወጣን። በመንገዴ ሁሉ የምናገረውን ስደረድር ነበር። «የመንግሥት ንብረት» ልለው ነው፣ «ኃላፊነት» ልለው ነው።

መምህር ኤርሳዶ ሃምሳን የተጠጋ፣ ቀጭን፣ መነጽሩን በክር ያሰረ ሰው ነው። ማን እንደሆንኩ ስነግረው እጄን በሁለት እጁ ያዘና አልለቀቀኝም። «ከአዲስ አበባ! ለመሳላ ወደ ቤቴ! ማርታ፣ ነይ እይ፤ ደብዳቤ የሚጽፉልኝ ጌታ ናቸው!» ሚስቱ ወይዘሮ ማርታ ከጓዳ ወጥታ ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ ሰላም አለችኝ። የደረደርኩት ሁሉ ጠፋብኝ። ጸሎት ተደረገ፤ ጥሬ ሥጋ መጣ፤ በቅቤ የራሰ ቡላ መጣ። ጎረቤት ሁሉ እየገባ እጄን ጨበጠኝ።

«መምህር፣ ስለ መለኪያው ላነጋግርዎ ነበር» አልኩ ሁለተኛው ሳህን ሳያልቅ።

«ዛሬ መሳላ ነው ጌታዬ። በመሳላ ሥራ አይነሣም።»

«ነገስ?»

«ነገም መሳላ ነው።»

«ስንት ቀን ነው መሳላ?»

ቤቱ በሙሉ ሣቀ። ወይዘሮ ማርታ «ቅቤው እስኪያልቅ» አለችኝ።

ያን ቀን የተቀመጥኩት በእሾህ ላይ ነው። እግሬ መሬቱን ይመታል፣ እጄ ሰዓቴን ይገልጣል። አንድ ሽማግሌ በልጃቸው እያስተረጎሙ «እንግዳው ታሟል ወይ?» ብለው ጠየቁ። ቀኑ አልመሽ አለኝ፤ ሲመሽ ደግሞ አንድ ቀን ሄደብኝ ብዬ ተንገበገብኩ።

በማግስቱ ጧት መቋቋም አቃተኝ። ደጅ ላይ ብቻውን ሳገኘው ሁሉንም ነገርኩት። ዘሩ ሰኞ እንደሚነሣ፣ የጥቅምቱን ዝናብ እንደምጠራጠር፣ መዝገቡን ካላየሁ ዘሩን ማስቆም እንደማልችል። መምህር ኤርሳዶ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

«መጻፍ ሥራ ነው። ማንበብ ግን ሥራ አይደለም፤ በእሑድም መጽሐፍ ቅዱስ እናነባለን» አለና ገብቶ ሣጥን ይዞ መጣ። መዝገቡን ምስጥ እንዳይበላው አገር ሲገባም ከራሱ አይለየውም ኖሯል።

ገለጥኩት። በእርሳስ፣ በቆንጆ የመምህር እጅ ጽሑፍ፣ ዘጠኝ ዓመት። ሐምሌ ቀን በቀን፣ ነሐሴ ቀን በቀን። መስከረም እስከ ዐሥራ ሦስት ቀን በቀን። ከዐሥራ አራት ጀምሮ ግን ሳጥኖቹ ባዶ ናቸው፤ በላያቸው ረጅም መስመር ተስቦ «መሳላ» ተብሎ ተጽፏል። መስመሩ ገጹን ያልፍና ጥቅምት አምስት ላይ ያቆማል። እዚያ ጋ አንድ ትልቅ ቁጥር አለ፤ በጎኑ «የመሳላ ውኃ»። ቀጣዩን ዓመት ገለጥኩ። ያው ነው። ሁሉም ዓመት ያው ነው።

«ይህ… በጥቅምት አምስት የዘነበ አይደለም?»

«ኧረ አይደለም! በጥቅምትማ እዚህ ምን ዝናብ አለ? የመስከረም ነው። ከበዓል ስመለስ በጣሳው ያለውን ሁሉ እለካለሁ። ከሞላ ወደ ውጪኛው ጣሳ ይፈሳል፣ እሱንም እለካለሁ። እንዳይተን ብዬ ዘይት ጠብ አደርግበታለሁ። ጌታዬ፣ በዘጠኝ ዓመት አንዲት ጠብታ አልጠፋብኝም።»

እውነቱን ነው፤ አልጠፋችበትም። የዓመቱን ድምር ብትወስዱ በአውራጃው ከሱ የበለጠ የታመነ ቁጥር አይገኝም። ጠብታዋ ሁሉ አለች፤ የገባችበት ወር ብቻ ነው የተሳሳተው። ስሕተቱ ደግሞ እንደ በዓሉ በየዓመቱ በዚያው ቀን ይመጣል። የኔ ሞገድ ዝናቡን ከበዓሉ በምን ይለየው? ዞሮ የሚመጣ ነገር ፈልግ አልኩት፣ ዞሮ የሚመጣ ነገር አመጣልኝ። እኔ ነኝ ስሙን ዝናብ ያልኩት። የሁሴን ጥያቄ ያኔ ትዝ አለኝ።

ቢሆንም የማምለጫ ቀዳዳ ፈለግኩ፤ የሚልከው ቅጽ ባዶ ሳጥን ቢኖረው ደማሪዎቹ ይነግሩኝ ነበር። «ታዲያ መምህር፣ ለኛ የሚልኩት ቅጽ ላይ ለምን ዜሮ ይሞላሉ? ለምን እንዲህ ባዶ አይተዉትም?»

ከሣጥኑ ሥር በጨርቅ የተጠቀለሉ ደብዳቤዎች አወጣ። ከላይ ያለውን ዘረጋልኝ፦ «ባዶ ሳጥን ያለበት ቅጽ ለሒሳብ ስለማይመች ተመላሽ ሆኗል። በየሳጥኑ ቁጥር ይግባ።» ሁለተኛውን ዘረጋልኝ፦ «ላቀረቡት ጥያቄ፣ የተመዘገበ ዝናብ በሌለበት ቀን ዜሮ ይጻፍ።» ከግርጌው ያለው ፊርማ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት እለማመደው የነበረው፣ ጅራቱ የሚንቀባረር የራሴ ፊርማ ነው።

ከደብዳቤው ላይ ዓይኔን ማንሣት አፈርኩ። እሱ የመሰለው ግን ፊርማዬን የማደንቅ ነው። «በክብር ነው ያስቀመጥኳቸው» አለኝ።

ከቤቱ ኋላ ወሰደኝ። እንሰቱ በዕድሜ በዕድሜ ተተክሏል፤ ትልልቁ ከቤቱ አጠገብ፣ የሦስትና የአራት ዓመቱ ከወደ ታች። ታችኛው ላይ ያለው እንሰት ሁሉ በግንዱ ላይ በገመድ ምልክት ታስሮበታል።

«ይሄ ሊነቀል ነው» አለኝ።

«ለምን?»

«ለቦሎቄው ነዋ! ወረቀቱ በገበያ ተነበበ፤ የጥቅምት ዝናብ አለ ተባለ። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ሰው የሚያየው እኔን ነው። ስሜን በመጀመሪያ ያስመዘገብኩት እኔ ነኝ። ከመሳላ በፊት ልነቅለው ነበር፤ ቀኑ ደረሰብኝ። በመሳላ ደግሞ መሬት አይነካም።»

እንሰት በአንድ ዓመት የሚተካ ነገር አይደለም። የሚነቀለው የዚህ ቤት ልጆች የነገና የከነገ ወዲያ ምግብ ነው።

«መምህር፣ አይንቀሉት። የጥቅምት ዝናብ የለም። ያ ዝናብ የርስዎ የመሳላ ውኃ ነው። ሞገድ አድርጌ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ባዶውን ቦታ ዜሮ ያስባልኩትም እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ደስ ይለዋል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልሆነም። አንዱን ግንድ በመዳፉ ዳሰሰው።

«እኔ እዚህ ነው የተወለድኩት» አለ ቀስ ብሎ። «ጥቅምት ደረቅ እንደሆነ ሚስቴም ልጄም ያውቃል። ወረቀቱ ሲነበብ ማርታ "ኤርሳዶ፣ የቱ ዝናብ?" ብላኛለች። አዲስ አበባ ያሉት በመኪና የሚያሰሉ ናቸው፣ እኛ የማናየውን ያያሉ አልኳት።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ለካ የሚያዩት እኔ የላክሁትን ነው።»

ገመዱን መፍታት ጀመርኩ። እጄን ያዘኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ተዉት ጌታዬ። መሳላ ነው። ሲያልቅ እኔው እፈታዋለሁ።»

መስከረም ፲፱ – ፳፪፣ እንደገና ሆሳዕና

ሐሙስ ማታውን ወደ ዳምቦያ ወርጄ ነበርና ዓርብ ጧት ሁሴን በቃሉ ተገኘ። ነገሩን ስነግረው መሪውን እየመታ ሣቀ። «ኢንጂነር፣ አላልኩዎትም? ቢጠይቁኝ እኮ ወረቀት አያስፈልግም ነበር!» ላንድሮቨሯ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ስለቆመች ሆሳዕና የደረስነው የቴሌግራሙ ቤት ከተዘጋ በኋላ ነው።

ቅዳሜ ሲከፈት የመጀመሪያው ሰው እኔ ነበርኩ። ለአለቃዬ እንዲህ ጻፍኩ፦ «የዳምቦያ ጥቅምት ዝናብ የለም። የዘሩ ዕደላ እንዲቆም ለሆሳዕና በቴሌግራም ይዘዙ። ስሕተቱ የኔ ነው።» የቴሌግራም ጸሐፊዋ በእርሳሷ ጫፍ ቃላቱን ቆጠረች።

«ጋሼ፣ የመጨረሻዋ ብትወጣ ሦስት ቃል ይቀንስልዎታል። መልእክቱ ያለሷም ሙሉ ነው።»

እውነቷን ነው፣ መልእክቱ ሙሉ ነበር። እጄም ወደ ወረቀቱ ሄዷል፤ አልዋሽም። ሹመቴ፣ የኮሪደሩ ምስጋና፣ አለቃዬ ይህን ሲያነብ የሚቀየረው ፊቱ፣ ሁሉም በዐይኔ መጣ። የእንሰቱ ገመድም መጣ።

«ትቆይ» አልኳት።

የቀረውን የቅዳሜ ቀንና እሑድን ሆሳዕና ጫማዬን ጨረሰችው። ከቴሌግራሙ ቤት ወደ መጋዘኑ፣ ከመጋዘኑ ወደ ቴሌግራሙ ቤት። ሰኞ ጧት አቶ ላምቦሬ ከአገራቸው ተመልሰው፣ የጭነቱ መኪና ሞተሩን አሙቆ፣ ወዛደሮቹ ግማሹን ጆንያ ጭነው ሳለ ጸሐፊዋ ራሷ ሁለት ቴሌግራም ይዛ እየሮጠች መጣች። አንዱ ለአቶ ላምቦሬ ነው፦ «ዕደላው ይቁም።» ሌላው ለኔ፦ «ተመለስ።» ሌላ ቃል የለበትም።

አቶ ላምቦሬ ሁለቱንም አነበቡ፤ የኔን ሁለት ጊዜ። ከዚያ ለወዛደሮቹ «አውርዱ!» ብለው ጮኹና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «እናቴ ወረቀቱ የመጣ ሰሞን የቱ ዝናብ ነው ብላኝ ነበር። ወረቀት ስለሌላት አልሰማኋትም።»

ወደ ቤት

አለቃዬ አልጮኸብኝም፤ ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። «ደግመህ አውጣው» ብሎኝ ወረቀቱን ገፋ አደረገልኝ። በዚያ ዓመት የሚጠበቀው ሹመት ለባልደረባዬ ሄደ፤ ያ ስለ አጥሩ የቀለደው ነው። አልተከፋሁም ብል ውሸት ነው።

የመሳላውን ውኃ ከጥቅምት ላይ አንሥቼ፣ የአንጋጫን መስከረም እያየሁ ወደ ቦታው መለስኩና የሒሳብ መኪናዋን እንደገና አዞርኩ። ሦስተኛው ሞገድ ጠፋ ለማለት በማያስደፍር መጠን ብቻ ቀረ። ሁለቱ፣ ክረምቱና በልጉ፣ አገሬው ድሮም የሚያውቃቸው፣ በየቦታቸው ቆሙ። የካቲትም ላይ የሚያስጨንቅ ነገር አልቀረም። ሳምንት ሙሉ በጭቃ ተጉዤ ያመጣሁት ውጤት ወይዘሮ ማርታ በአንድ ጥያቄ የጨረሰችው ነው።

ለየመለኪያው ጣቢያ አዲስ ደብዳቤ ጻፍኩ። ፊርማዬን አሳጠርኩት። «ያልተለካ ቀን ሳጥኑ ባዶ ይተው። ምክንያቱ በጎኑ ይጻፍ። የተጠራቀመ ውኃ ከሆነ ከስንት እስከ ስንት ቀን እንደሆነ ይገለጽ።» አሁን የማንኛውንም ቦታ መስመር ከማውጣቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ በዚህ አገር በየዓመቱ የሚመጣው ዝናብ ብቻ ነው ወይ? ጥያቄው የሁሴን ነው፣ ግን እንደራሴ አድርጌ እጠቀምበታለሁ።

በዓመቱ የዳምቦያ ቅጽ መጣ። መስከረም እስከ ዐሥራ ሦስት ቀን በቀን ተሞልቷል። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳጥኖች ነጭ ናቸው፤ በላያቸው ረጅም የእርሳስ መስመር ተስቦ፣ በዚያ በቆንጆ የመምህር እጅ እንዲህ ተጽፏል፦ «መሳላ ነው። ውኃው በጣሳው አለ። እንሰቱም አለ።»